«እየመጡ ነው፤ ቆዩ»

ወንድሜ ወደ ሶማሊያ ሲዘምት አባቴን ያሳመንኩት እኔ ነኝ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ወደ ኋላ የሌሎችን ጥፋት ሳወራ የራሴ እንዳይረሳ ብዬ ነው።

አባቴ የሚኖረው ሁምቦ ነው። አገሩ ቆላ ነው፤ ዝናቡ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። በቆሎ ያርሳል፣ ጥቂት ከብት አለው፣ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ነው። እናታችን ቀድማ ስለሞተች እኔንና ታናሽ ወንድሜን ለብቻው አሳደገን። እኔ ተምሬ ሶዶ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህርት ሆንኩ። ወንድሜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ አላስገባው ሲል ወታደር ቤት ገባ። ጆሮው ስል፣ ቋንቋ ቶሎ የሚይዝ ልጅ ስለነበር የሬዲዮ ሙያ አስተማሩት።

ክፍሉ ለሰላም ማስከበር እንደተመረጠ ሊነግረን ሁምቦ የመጣ ቀን አባቴ ፊቱን አዞረበት።

«ሰው አገር ሄዶ በሰው ጠብ መሞት ምን ይባላል?» አለ።

ወንድሜ እኔን አየኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ለክፍል የምጠቀምበት ካርታ ነበር፤ አውጥቼ መሬት ላይ ዘረጋሁት። ለአባቴ በወላይትኛ አስረዳሁት። መርከቦች የሚያልፉበትን ጠባብ ባሕር አሳየሁት። ከባሕሩ አጠገብ፣ በጎረቤት አገር ጠረፍ ላይ፣ አንድ ትልቅ የባዕድ አገር ጦር የአየር ምድብ እንዳለው ነገርኩት። ወንድሜ የሚሄድበትንም በጣቴ ነካሁለት።

«ከዚህ እዚህ ድረስ አውሮፕላን ሲነሳ አንተ ከዚህ ሶዶ ከምትደርስበት ጊዜ ይፈጥናል» አልኩት።

«የባዕድ አውሮፕላን ለእኔ ልጅ ብሎ ይነሳል?»

«ለእሱ ብሎ ሳይሆን ለራሱ ብሎ ይነሳል፣ አባዬ። መርከቦቹ በሰላም እንዲያልፉ ይፈልጋል። በምድር የሚዋጋው ግን የእኛ ሠራዊት ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንለትም። ስለዚህ አይተዉትም።»

ጥሩ አድርጌ ነበር የተናገርኩት። ከመጽሐፉ ላይ ለብዙ ዓመት ያስተማርኩት ነገር ነው፤ «የአየር ምድቦች ለቀጠናው ደኅንነት ያላቸው ሚና» ይላል ርዕሱ። አባቴ ካርታው ላይ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ ቆየ። ሁምቦ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ካርታው ላይ የለም አልኩት። ከዚያ ለወንድሜ «እንግዲህ እህትህ ካለች ሂድ» አለው።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ በጉባኤው ፊት ቆሞ ጸለየ። ለወንድሜ ከጸለየ በኋላ «ቋንቋቸውን የማንሰማውን፣ በሰማይ የሚበሩትን የሰው ልጆች ጠብቅልን» ብሎ ጨመረ። ምእመኑ ነገሩ ባይገባውም አሜን አለ። ከዚያ በኋላ አንድም እሑድ ሳያስቀር ለእነዚያ አብራሪዎች ይጸልይ ነበር።

ወንድሜ መስመር ሲያገኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይደውልልኝ ነበር። ያሉት በአንድ መንገድ ዳር በተቆፈረ ምሽግ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያወራልኝ ስለ ሙቀቱና ስለ ውሃው ጨዋማነት ነበር። አንድ ቀን ግን ድምፁ ሞቅ ብሎ መጣ።

«መምህርት፣ ያልሽው እውነት ነው። ዛሬ አዛዣችን ቆስሎ ነበር። ሬዲዮ ላይ የጠራሁት እኔ ነኝ። ውሃ እስኪፈላ እንኳ አልቆዩም፤ ሄሊኮፕተሯ መጥታ አንስታው ሄደች።»

«ታያቸዋለህ ሰዎቹን?»

«የራስ ቁራቸውን ብቻ ነው የማየው። ግን ይመጣሉ። ለአባዬ ንገሪው።»

ነገርኩት። አባቴ ይህን ሲሰማ ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

መርዶው የመጣው ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ በእጁ ጠራኝ። የመምህራን ማረፊያ ስገባ ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎችና ሶዶ ያለው የቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሽማግሌ ቆመው አገኘኋቸው። ወንበር እያለ ቆመው ሳይ ገባኝ። አስከሬኑ እንደማይመጣ ያን ቀን ነገሩኝ።

ሁምቦ ለቅሶ ላይ አንድ መኮንን መጥቶ ተናገረ። ጥዋት ጥቃት እንደደረሰባቸው፣ ሁሉም ባሉበት ቆመው እንደተዋጉ፣ ምሽጉን እንዳልለቀቁ አስረዳ። «ብቻቸውን አልነበሩም። የአየር ድጋፍ ደርሶላቸዋል» አለ። አማርኛ ለአባቴ የገበያና የቢሮ ቋንቋ ነው፤ በሐዘን ላይ አይሰማውም። ስለዚህ እኔ ወደ ወላይትኛ መለስኩለት። አባቴ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር እንድደግምለት ጠየቀኝ፤ ደገምኩለት። «ብቻውን ካልሞተ ጥሩ ነው» አለ።

መኮንኑ የነገረን የሚያውቀውን እንደነበር ዛሬ አምናለሁ። ለእሱም የነገሩት እንደዚያ ነው።

ባለቤቴን ያወቅሁት ከዚያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ ሰሞን ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለበዓሉ ቤቷ ጠርታን ነበር። ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያወራ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚሰማ ሰው ነበር። ወላጆቹ አረካ አጠገብ ገበሬዎች ናቸው። እንግሊዝኛውን ያጠናው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አሁን በአንድ የቋንቋ ማሠልጠኛ ያስተምራል። ከዚያ በፊት የት እንደሠራ ስጠይቀው ትንሽ አሰበና «ጎረቤት አገር፣ የውጭ ጦር የአየር ምድብ ውስጥ አስተርጓሚ ነበርኩ» አለኝ።

የበዓሉን ምግብ፣ ሙቹዋውን የያዝኩበትን ሳህን አስቀመጥኩ። የትኛው ምድብ እንደሆነ ጠየቅሁት። ራሱ ነው።

«ወንድሜ እዚያ ማዶ ሞቷል» አልኩት። ወሩን ነገርኩት። «ያኔ እዚያ ነበርክ?»

«ያን ወር እረፍት ወጥቼ አረካ ነበርኩ» አለ። ከዚያ ዓይኖቹን ወደ መሬት ሰበር አድርጎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ።

አመንኩት። የማላምንበት ምን ምክንያት ነበረኝ?

በእኔ ግፊት ትምህርት ቤታችን መጥቶ ለተማሪዎቼ ተናገረ። ያ ርዕስ የደረሰበት ሳምንት ነበር፤ ከመጽሐፍ ይልቅ ያየ ሰው ይንገራቸው ብዬ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ማኮብኮቢያውን፣ ባሕሩን፣ አውሮፕላኖቹ የሚሄዱባቸውን አቅጣጫዎች ሳለላቸው። ከብዙ አገር የመጡ አስተርጓሚዎች እንዳሉ፣ ከወላይታ ግን እሱ ብቻ እንደነበረ ሲናገር ልጆቹ ፈገግ አሉ። «ምድቡ ለቀጠናው እንደ ጣሪያ ነው» አላቸው። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ከጣሪያው ሥር እኛም አለንበት?» ብላ ጠየቀችው። «ጣሪያው የባለቤቱ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ጎረቤትም ይጠለልበታል» አላት። አጨበጨቡለት። ስንወጣ የግቢው ቧንቧ ላይ ቆሞ ፊቱን ደጋግሞ ታጠበ። ጠመኔው ነው አለኝ።

በዓመቱ ተጋባን።

አባቴ ወደደው። መውደድ ብቻም አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ ሁምቦ ይሄድና ከአባቴ ጋር ተራራው ላይ ችግኝ ይተክላል፤ ያ የተራቆተ ጎን ዛፍ እንዲመለስበት የመንደሩ ሰው በየወገኑ ተከፋፍሎት ነበርና የአባቴን ድርሻ አብሮት ይሠራ ነበር። የቤቱን ቆርቆሮ ቀየረለት። አባቴ ሲያመው ሶዶ፣ ኦቶና ሆስፒታል ድረስ ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነው። እኔ እንኳ የማላደርገውን ያደርግ ነበር። አባቴ አንድ ቀን ለጎረቤት «አንዱን ወሰደብኝ፣ አንዱን ሰጠኝ» ሲል ሰምቼ ደስ አለኝ። ልጃችን ስትወለድም ስም ያወጣላት አባቴ ነው።

ባለቤቴ ስለ ወንድሜ ሲነሳ ይወጣ ነበር። ውሃ ሊቀዳ፣ በር ሊዘጋ፣ ልጅቷን ሊያይ። ሐዘኔን እንዳያባብስ ይመስለኝ ነበር።

ልጃችን ሦስት ዓመት ሲሆናት አንድ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ።

«የሬዲዮኛው እህት ነሽ?» አለኝ አንድ ወንድ። አነጋገሩ የሰሜን ሰው ነው።

«ነኝ።»

«እኔ አብሬው ነበርኩ። አስር አለቃ ነኝ። አንድ ነገር ብሆን ደውልላት ብሎ ቁጥርሽን ሰጥቶኝ ነበር። ሳልደውል ብዙ ቆየሁ። አሁን ለእግሬ ሶዶ መጥቻለሁ።»

ኦቶና ያለው ትልቁ ሆስፒታል አጥንት በማከም ስለሚታወቅ ለሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ሊያደርግ ነበር የመጣው። ዘመድ የለውም። ለባለቤቴ ስነግረው የልጅቷን ጫማ እያሰረ ነበር፤ እጁ ቆመ።

«ከነዚያ የተረፈ ሰው አለ እንዴ?» አለ።

«እሱ ብቻ እንደተረፈ ነግሮኛል። ነገ አብረን እንሂድ።»

«ነገ ፈተና አስፈትናለሁ። አንቺ ሂጂ።»

በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ምክንያት አገኘ። እኔ አጥሚትና የዶሮ መረቅ ይዤ እመላለስ ነበር። አስር አለቃው ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ሠላሳ ያልሞላው ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ የሚነግረኝ ቀላል ቀላሉን ነበር። ወንድሜ ምሽጉ ውስጥ ላሉት ሁሉ ጥዋት ጥዋት «ሳሮ» እያለ ሰላምታ ይሰጥ እንደነበር፣ ከጎጃም ከሐረር የመጡት ሁሉ በዚያው ለምደው እርስ በርሳቸው «ሳሮ» ይባባሉ እንደነበር ነገረኝ። ሳቅን።

በአራተኛው ቀን፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ እኔው ጠየቅሁት።

«አሟሟቱን ንገረኝ። የአየር ድጋፍ ደርሶላቸዋል ነው ያሉን።»

አስር አለቃው መረቁን ወደ ጎን ገፋ አደረገ።

«መድረሱስ ደርሷል» አለ። «ካለቅን በኋላ ነው የደረሰው።»

ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ቁርስ ላይ ነበሩ። ፈንጂ የጫነ መኪና በሩን መታው፤ ተከትሎ እግረኛ መጣ። የመጀመሪያውን ማዕበል መለሱት። ሁለተኛው እንደሚመጣና ብዙ እንደሚሆን ያውቃሉ። ከኋላቸው አንድ ደረቅ ወንዝ አለ፤ በእሱ ይዘው ወደሚቀጥለው ምሽግ ማፈግፈግ ይችሉ ነበር፤ መንገዱ ገና አልተዘጋም። አዛዡ «አውሮፕላን የሚመጣ ከሆነ እንቆያለን፣ የማይመጣ ከሆነ አሁኑኑ እንወጣለን» አለ። ከበላይ ክፍል ጋር ያለው መስመር ተቋርጧል። በቀጥታ ወደ አየር ምድቡ የሚያገናኝ የአደጋ ጊዜ መስመር ነበራቸው፤ ወንድሜ በእሱ ጠራ።

«አስተርጓሚው መጀመሪያ በአማርኛ ነው የመለሰለት» አለ አስር አለቃው። «ወንድምሽ ጥቂት ሰማና ሳቀ። በእግዚአብሔር፣ በዚያ መሀል ሳቀ። ወደ እኛ ዞሮ ‹የአገሬ ልጅ ነው፤ አነጋገሩ ያስታውቃል› አለን። ከዚያ ‹ሳሮ› አለው። ሌላውን አልሰማሁም፤ በቋንቋችሁ ነው የተነጋገሩት።»

«ከዚያስ?»

«ማዳመጫውን አወለቀና ለአዛዡ ‹እየመጡ ነው፤ ቆዩ ብሏል› አለው። አዛዡ ‹እርግጠኛ ነህ?› ሲለው ‹የአገሬ ልጅ አይዋሸኝም› አለ። ቆየን። ፀሐይዋ አናታችን ላይ እስክትወጣ ቆየን። ወንዙን ዘጉት። እኔ ሬሳ ሥር ነው የተረፍኩት። አውሮፕላኑ ሲመጣ የሚተኮስ ነገር አልነበረም።»

እጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ነበር። ቀዝቃዛ ብረት መሆኑን አስታውሳለሁ። ከወላይታ እኔ ብቻ ነበርኩ ብሎ ለተማሪዎቼ ሲናገር ፈገግ ያሉለት ትዝ አለኝ።  ዕቃዬን እዚያው ረስቼ ወጣሁ።

ባጃጅ ይዤ ቤት ስደርስ ባለቤቴ ግቢ ውስጥ የልጅቷን ልብስ ያሰጣ ነበር። ቀኑ ገና ነው። ልጅቷ ጎረቤት ነበረች።

«እረፍት ላይ አልነበርክም» አልኩት።

የያዘውን ልብስ ገመዱ ላይ ሳያደርግ ወደ ሳፋው መለሰው። ምን ማለትሽ ነው አላለኝም። እንዲለኝ ፈልጌ ነበር።

«አልነበርኩም» አለ።

«አንተ ነህ ያነጋገርከው?»

«እኔ ነኝ።»

የደረጃው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ የባዕድ መኮንን ነበር አለኝ፤ ትዕዛዝ የሚሰጠው እሱ ነው። ጥሪው ሲመጣ መኮንኑ ሰሌዳውን አየ፤ አውሮፕላኖቹ ሌላ ሥራ ላይ ነበሩ። ‹ጥያቄው እየታየ ነው በላቸው› አለው። ባለቤቴ እንደዚያው በአማርኛ አስተላለፈ። ከዚያ ወንድሜ በወላይትኛ አናገረው።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«‹ሳሮ› አለኝ። ‹ከየት ነህ?› አለኝ። ከአረካ አልኩት። ‹እኔ ከሁምቦ ነኝ፤ እባክህ እውነቱን ንገረኝ፣ ይመጣሉ?› አለኝ።»

«አንተስ?»

«እየመጡ ነው አልኩት።»

«ለምን?»

«አሳዘነኝ። ልቡ እንዳይወድቅ ብዬ ነው። የሚሞት ሰው...»

«እንደሚሞት በምን አወቅህ?» አልኩት። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ተማሪ ፈትኛለሁ፤ ግማሽ መልስ ስሰማ አውቃለሁ። «መንገድ እንዳላቸው ነግሮህ ነበር? የማይመጡ ከሆነ እንደሚወጡ ነግሮህ ነበር ወይ?»

 የጎረቤት ሬዲዮ መዝሙር ያሰማ ነበር።

«ነግሮኛል» አለ።

ከዚያ ሁሉንም አወጣው። ወንድሜ እንደሚያፈገፍጉ ሲነግረው ለመኮንኑ ተርጉሟል። መኮንኑ አይሆንም አለ። በዚያው መንገድ ላይ የራሳቸውን ሰዎችና ዕቃ ይዞ የሚያልፍ አጀብ ነበር፤ እስኪያልፍ ምሽጉ መያዝ አለበት። አውሮፕላኖቹም ከዚያ አጀብ በላይ ነበሩ። ‹እንዲቆዩ አድርግ› አለው። ባለቤቴ ‹አውሮፕላን ይመጣል ልበላቸው?› ሲል ጠየቀው። መኮንኑ ‹ነጻ የሆነ ከተገኘ› አለ።

«‹ከተገኘ› ነው ያለህ» አልኩት።

«ከተገኘ ነው ያለኝ።»

«አንተ ‹እየመጡ ነው፤ ቆዩ› አልከው።»

«አዎ።»

«‹ከተገኘ› በወላይትኛ አይባልም?»

 ያልጠየቅሁትን ራሱ ነገረኝ። የሥራ ውሉ የሚታደስበት ወር ነበር። በሌላ ቋንቋ መነጋገር ክልክል ነው፤ መኮንኑ ምን እያላችሁ ነው ብሎ እያፈጠጠበት ነበር። ‹አይመጡም፣ ውጡ› ቢለው ሰዎቹ ይወጣሉ፣ ምሽጉ ይለቀቃል፣ ማን እንደነገራቸው ይታወቃል። ፈራሁ አለኝ። ይህን ሲናገር አላለቀሰም፤ ለእንባው ሳይሆን ለእውነቱ ሲል እንደተናገረው ስለገባኝ ከሁሉ ይልቅ ያን አመንኩት።

«እኛ ቤት ለምን መጣህ ታዲያ?»

«ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ማን እንደሆነ ስሙን አጣርቼ፣ ቤተሰቡን ፈልጌ ነው የመጣሁት። ባልደረባሽ ቤት ያን ቀን ልነግርሽ ነበር። እዚያ ነበርክ ወይ ስትይኝ አልቻልኩም። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ ከበፊቱ የባሰ ሆነብኝ።»

እንግዲህ በአጋጣሚ የተገናኘን ይመስለኝ የነበረው እንኳ አጋጣሚ አልነበረም። ያ ነገር ለምን እንደሆነ አላውቅም ከሌላው በላይ ቆረጠኝ።

«ለአባቴ አንተ ትነግረዋለህ» አልኩት። «እኔ አልተረጉምልህም።»

ቅዳሜ ሁምቦ ሄድን። ልጅቷን ይዘን ነበር። ከአስፋልቱ ወርደን በጋሪ ተጓዝን። አባቴ ደጅ ተቀምጦ በቆሎ ይፈለፍል ነበር። ልጅቷን አቅፎ ሳማት፤ ከዚያ ፊታችንን አየና ከጎረቤት ልጆች ጋር እንድትጫወት ላካት።

ባለቤቴ አባቴ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠና ነገረው። ምንም አላስቀረም፤ ስለ ውሉም ሳይቀር ነገረው። አባቴ መፈልፈሉን አላቆመም። መጨረሻ ላይ ብቻ የበቆሎውን ቆረቆንዳ ከእጁ አስቀመጠ።

«በየትኛው ቋንቋ ነው የነገርከው?» አለ።

«በእኛው፣ አባባ።»

«ያ ሰውዬ የእኛን ይሰማል?»

«አይሰማም።»

«እንግዲህ ለልጄ ምንም ብትለው ሰውዬው አይሰማህም ነበር።»

«አይሰማኝም ነበር።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። አልጮኸም፣ አልረገመም። «ተራራው ላይ ችግኝ ስንተክል ልትነግረኝ ትችል ነበር» አለ። «እዚያ እኔና አንተ ብቻ ነበርን። እኔ ስለ ልጄ ሳወራህ ጉድጓዱን ትቆፍር ነበር።»

ባለቤቴ ግንባሩን መሬት አስነካ። አባቴ ተነስቶ አልፎት ወደ ከብቶቹ ሄደ። ተከተልኩት። ጥጃዎቹን ይፈታ ነበር፤ ምንም እንኳ ገና የመፍቻ ሰዓታቸው ባይሆን።

«አባዬ» አልኩት።

«እኔ በየሳምንቱ ጸለይኩላቸው» አለ፤ ወደ እኔ አላየም። «ለእነዚያ ለሚበሩት። አንቺ ነሽ ያስጸለይሽኝ።»

ክፉ አስቦ የተናገረው አይደለም። እንዲያው እንደ ሆነው ነው የተናገረው። እኔ ግን ያን ቀን የተከዳው ማን ማን እንደሆነ፣ የከዳውስ ማን ማን እንደሆነ ልለይ ብዬ ስቆጥር ራሴን ከሁለቱም ወገን አገኘሁት። ወንድሜ ያን ድምፅ ያመነው የአገሩን ቋንቋ ስለሰማ ነው፤ ምድቡን ግን ያመነው እኔ ስለነገርኩት ነው።

አስር አለቃው ከሆስፒታል ሳይወጣ አስተርጓሚው ማን እንደሆነ ነገርኩት። ቤቴ ገብቶ ባለመብላቱ ፈጣሪውን አመሰገነ። ባለቤቴ ሊያየው ጠይቆ ነበር፤ አልፈቀደም። «እኔን ይቅርታ ቢለኝ ምን ልለው ነው? እኔ ተርፌያለሁ» አለኝ። ባለቤቴ የሆነውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ፈረመበትና አዲስ አበባ ሄዶ ለሚመለከተው ቢሮ አስገባ። አስር አለቃውም የበኩሉን ጻፈ። ተቀብለዋቸዋል። እስካሁን የመጣ መልስ የለም። ለዚያ ለባዕዱ መኮንን ማን እንደሚጽፍ፣ የትስ እንደሚጻፍ የሚያውቅ ሰው አላገኘንም። ምናልባት እሱ ያን ጥዋት ሥራውን በደንብ ሠርቶ የዋለ ቀን አድርጎ ያስታውሰው ይሆናል። አጀቡ በሰላም አልፏልና።

እኔ ዝውውር ጠይቄ አረካ መጣሁ። ሶዶ ላይ ሰው ሁሉ ያውቀን ነበር። አረካ የባለቤቴ ወላጆች አገር መሆኑ የማይመች ነገር ነው፤ ግን ቦታ የተገኘው እዚያ ነው። እናቱ የሆነውን ሰምታ ወደ እኔ መጣች፤ የቦዬ ሥር ቅቅል በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ።  ልጅቷን አጥባልኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ትመጣለች፤ በዓይኗ ይቅርታ ትጠይቀኛለች፣ እኔም ያላየሁ እመስላለሁ።

ያ ርዕስ አሁንም መጽሐፉ ውስጥ አለ። አስተምረዋለሁ። ጠባቡን ባሕር፣ ጠረፉን፣ ማኮብኮቢያውን እስላለሁ። ከዚያ ድሮ የማልለውን እላለሁ፤ ምድቡ የማንን መንገድ እንደሚጠብቅ፣ አውሮፕላን ሲያንስ ለማን እንደሚቀድም ራሳችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ። አንድ ተማሪ በቀደም «ቲቸር፣ ይህ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለኝ። አይመጣም አልኩት። ደብተሩን ዘጋ።

አባቴ ባለቤቴን ቤቱ እንዳይመጣ አልከለከለውም፤ ግን አይጠራውም። ችግኞቹ አድገዋል፤ የአባቴን ድርሻ አሁን የጎረቤት ሰው ይጠብቅለታል።

ባለቤቴ ሶዶ ነው፤ ማስተርጎም ትቷል፣ ማስተማሩን ብቻ ቀጥሏል። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ልጅቷን ሊያይ ይመጣል። ለፍቺ ፍርድ ቤት አልሄድኩም። ለምን እንዳልሄድኩ እንደ እህት የሆኑ ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ ወሬ እለውጣለሁ። አንዳንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ከልጅቷ ጋር ሲስቅ ሳየው ደግ ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ ያን ማወቄ ነገሩን የሚያቀልልኝ መስሎኝ ነበር፤ አላቀለለልኝም።

ያለፈው ወር ሲሄድ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘሁት፤ ልጅቷ እጁን አለቅም ብላ ነው። ሚኒባሱን እየጠበቅን ሳለ ወደ እኔ ዞረ።

«መምጣቴን እንድተው ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«ልጅቷ ስለ አንተ ትጠይቃለች» አልኩት።

«አንቺስ?»

በየትኛው ቋንቋ እንደጠየቀኝ ልብ ያልኩት በኋላ ነው፤ በአማርኛ ነበር። ቤታችን ውስጥ በአማርኛ ተነጋግረን አናውቅም። ሁምቦ ሄደን ለአባቴ ከነገረበት ቀን ወዲህ በወላይትኛ አናግሮኝ እንደማያውቅ ያኔ ገባኝ፤ ሳልጠይቀው ራሱ ትቶታል።

«እኔ ገና ነኝ» አልኩት።

ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር ቆሞ ሄደ።